ደካማ ካርታ መቼ ነው የሚጣለው? ፖከር ላይ ፎልድ ማድረግ፣ ደረጃ በደረጃ (ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች)

ኮንከር እየተጫወተ ያደገ ሰው ፖከር ሲጀምር አንድ አመል ይዞ ይመጣል። ኮንከር ላይ የመጣልህ ካርታ ቆሻሻ ቢሆንም እየሳብክ እየጣልክ ታስተካክለዋለህ። ቴክሳስ ሆልደም (እዚ የምናወራበት የፖከር አይነት) ላይ ግን በእጅህ ያሉት ሁለት ካርታዎች እስከመጨረሻው ያው ናቸው፣ መሀል የሚወጡት 5 ካርታዎች (መጀመሪያ 3 አንድ ላይ፣ ፍሎፕ ይባላል፣ አራተኛው ተርን፣ አምስተኛው ሪቨር) ደግሞ የሁላችሁም ናቸው፣ አንተን ብቻ ብለው አይወጡም። ስለዚ ደካማ እጅ ይዞ "ቆይ ይስተካከላል" ማለት እዚ አይሰራም።

ሌላው ነገር፣ 7 እና 2 ይዞ ያለቀበት ሰው ብዙ አታገኝም፣ እሱንማ ሁሉም ይጥለዋል። ሰው የሚያልቅበት ኤስ ከ5 ጋር፣ ኪንግ ከ7 ጋር፣ ወይ ደግሞ ሁለት ቀያይ ካርታ ይዞ ነው። ሸጋ የሚመስል ደካማ እጅ ነው ችግሩ፣ ከዚ በታች ያለው በሙሉ ስለሱ ነው። የእጆችን ደረጃ (ፔር፣ ሁለት ፔር፣ ስትሬት፣ ፍላሽ ምናምን) ታውቃለህ ብዬ ነው የምቀጥለው፣ ካላወቅክ መጀመሪያ እሱን ያዝ።

ዝግጅት

ገንዘብ አታስገቡበት። ለመማር ሽምብራና ባቄላ ከበቂ በላይ ነው፣ ሽምብራ 1፣ ባቄላ 10 በሉት። ለእያንዳንዱ ሰው 40 ሽምብራና 16 ባቄላ ስጡ፣ 200 ይሆናል። ጥሬ ይሁን፣ የተቆላ ካቀረባችሁ ቡናው እስኪፈላ ፖቱን (መሀል የተከመረውን መወራረጃ) ይበሉታል።

ትንሹ ብላይንድ (ካርታ ሳይታይ በግድ የሚገባ ክፍያ) 1፣ ትልቁ 2 ይሁን። ከታች የምሰጠው ቁጥር ሁሉ ለ6 ሰው ጠረጴዛ ነው፣ 9 ሰው ከሆናችሁ ከዚም ጠበቅ አድርጉት፣ 3 ወይ 4 ከሆናችሁ ትንሽ ላላ።

ፖቱ መሀል ላይ ተበትኖ ሳይሆን በአስር በአስር ተከምሮ ይቀመጥ። ይሄ የጽዳት ጉዳይ እንዳይመስልህ፣ ፖቱ ስንት እንደሆነ ካላወቅክ ደረጃ 5 ላይ ያለውን ሂሳብ ልትሰራው አትችልም፣ ብዙ ሰው "ሂሳቡ ይከብዳል" የሚለው ሂሳቡ ከብዶት ሳይሆን ክምሩ ስለማይታየው ነው።

በርጫ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ እወቁት፣ ምርቃና ላይ ያለ ሰው ሁሉም ካርታ ያምርበታል። ገና ስትቀመጡ የምትጫወቱትን እጅ ወስናችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉትና ከሱ አትውጡ።

ደረጃ 1፦ ካርታህን ሳታይ ቦታህን እይ

ብዙ ሰው ካርታውን አንስቶ ያይና ከዛ ያስባል። ገልብጠው። መጀመሪያ ዲለሩ (ካርታ የሚያድለው) ማነው በል፣ ከዲለሩ በስተግራ ትንሹ ብላይንድ፣ ቀጥሎ ትልቁ ብላይንድ፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው ሰው ከፍሎፕ በፊት መጀመሪያ ይወስናል፣ ዲለሩ ከፍሎፕ በኋላ ሁሌም መጨረሻ ይወስናል። መጨረሻ የሚወስን ሰው የሁሉንም አይቶ ነው፣ መጀመሪያ የሚወስን በጨለማ ነው። ለዚ ነው ያው አንድ እጅ አንዱ ወንበር ላይ የሚጫወቱበት፣ ሌላው ወንበር ላይ የሚጥሉት።

ደረጃ 2፦ ማንም ሳይገባ ተራህ ሲደርስ

ከፊትህ ማንም ካልገባ እነዚህን ብቻ ያዝ፣ የቀረውን ጣል።

የመጀመሪያው ወንበር (ከትልቁ ብላይንድ ቀጥሎ ያለው)፦ ከ7-7 ጀምሮ ያሉ ፔሮች፣ ኤስ ከ10 ወይ ከዛ በላይ ካርታ ጋር አንድ ምልክት ከሆኑ፣ ምልክታቸው ከተለያየ ግን ኤስ-ጃክ፣ ኤስ-ኩዊን፣ ኤስ-ኪንግ ብቻ፣ ኪንግ-ኩዊን በማንኛውም ምልክት፣ ኪንግ-ጃክ፣ ኩዊን-ጃክና ጃክ-10 አንድ ምልክት ሲሆኑ። በቃ። ይሄ ሲቆጠር ከ1326 ሊመጡ ከሚችሉ ጥንዶች 128 ነው፣ በግምት ከ10 እጅ 1። አዎ፣ 9 እጅ ትጥላለህ፣ ይሰለቻል።

መሀል ወንበር፦ 5-5ና 6-6 ጨምር፣ ኤስ-10 እና ኪንግ-ጃክ ምልክታቸው ቢለያይም ያዝ፣ ኪንግ-10ና ኩዊን-10 አንድ ምልክት ከሆኑ ያዝ።

ዲለር ስትሆን፦ ማንኛውም ፔር፣ አንድ ምልክት የሆነ ማንኛውም ኤስ፣ ምልክቱ የተለያየ ኤስ ከ8 ጀምሮ፣ 10 ወይ ከዛ በላይ የሆኑ ሁለት ካርታዎች፣ እና እንደ 9-8፣ 8-7፣ 7-6 ያሉ ተከታታይ አንድ ምልክት። ይሄ ከ4 እጅ 1 ገደማ ይሆናል።

ስትገባ ደግሞ ሬይዝ አድርገህ (ከትልቁ ብላይንድ ከፍ አድርገህ ከፍለህ) ግባ፣ 5 ወይ 6 በል። ሬይዝ ለማድረግ የማያስደፍር እጅ ከሆነ ለመግባትም አያስደፍርም።

ተጠንቀቅ፦ አንድ ምልክት ማለት ሁለቱም ቀይ ማለት አይደለም! ልብና ዳይመንድ ሁለቱም ቀይ ናቸው ግን ፍላሽ አይሰሩም። መብራት ጠፍቶ በሻማ ስትጫወቱ ይሄ ስህተት በየጊዜው ይመጣል፣ የካርታውን ጥግ አስጠግተህ እይ። ደግሞም አንድ ምልክት መሆናቸው ብቻውን ያን ያህል ነገር አይደለም፣ ሁለት አንድ ምልክት ካርታ ይዘህ እስከ ሪቨር ድረስ ብትቀመጥ ፍላሽ የምትሰራው ከ100 ጊዜ 6 አካባቢ ነው። "አንድ ምልክት ነውኮ" ብሎ ኩዊን-4 ይዞ የሚገባ ሰው ለዛች 6 ነው 94ቱን የሚከፍለው።

ደረጃ 3፦ ከፊትህ ሰው ሬይዝ ካደረገ

እዚ ጋር ነው ዝርዝሩ ሌላ የሚሆነው። አንድ ሰው ጠንካራ ነኝ ብሏል፣ ስለዚ ካርታህ በራሱ ቆንጆ መሆኑ አይበቃም፣ ከሱ ካርታ ጋር ሲጋጠም ምን ይሆናል ነው ጥያቄው።

ኤስ-5 ይዘሃል፣ እሱ ኤስ-ኪንግ ይዟል እንበል። ኤስ ቢወጣ ደስ ብሎህ ትከፍላለህ፣ ግን ኪከርህ (ከኤሱ ጋር ያለው ሌላው ካርታህ) 5 ነው፣ የሱ ኪንግ። እንደዚ ስትጋጠሙ አንተ የምታሸንፈው ከ4 ጊዜ 1 ገደማ ነው። የባሰው ደግሞ ኤስ ካልወጣ ትንሽ ታጣለህ፣ ኤስ ሲወጣ ነው ሙልጭ የምትለው፣ እንግዲህ የፈለግከው ካርታ መጥቶ የሚያከስርህ እጅ ከመጀመሪያውም ምን ያደርግልሃል? ሬይዝ ከተደረገ ኤስ ከ10 በታች ምልክቱ የተለያየ ሁሉ ይጣላል፣ ኪንግ-9፣ ኩዊን-10፣ ጃክ-9 ምናምን ሁሉ ይጣላል።

ትንሽ ፔር (ከ2-2 እስከ 6-6) ለየት ይላል። ፍሎፕ ላይ ሶስተኛው የሚመጣልህ ከ8 ወይ ከ9 ጊዜ አንዴ ነው፣ ስለዚ ሲመጣ ብዙ የሚበላ ነገር መኖር አለበት። ልኬቱ ይሄ ነው፣ ለመግባት የምትከፍለውን በ15 አባዛ፣ ያን ያህል አንተም ጋ እሱም ጋ ካለ ግባ፣ ከሁለት አንዳችሁ ከሌላችሁ ጣል። ሬይዙ 6 ከሆነ 90 ያስፈልጋል ማለት ነው። ሶስተኛው ካልመጣ እና ሰው ከመታ (ክፍያ ካስገባ)፣ ያለ ክርክር ጣል።

ትልቁ ብላይንድ ላይ ስትሆን ሁለት ስህተት አለ፣ ሁለቱም ተቃራኒ ናቸው። አንደኛው ማንም ሬይዝ ሳያደርግ 7-2 ስላየ የሚጥል ሰው ነው፣ ወንድሜ ነጻ ነው እኮ፣ ቼክ በልና (ሳትከፍል እለፍና) ፍሎፑን እይ! ሁለተኛው "2 አስገብቻለሁ፣ እንዴት እተወዋለሁ" ብሎ ሁሉንም ሬይዝ የሚከፍል ነው። ያስገባሃት 2 ያንተ አይደለችም፣ የፖቱ ናት። ዋጋውን ብቻ ተመልከት፣ ሬይዙ 4 ከሆነና ሌላው ከጣለ፣ 2 ጨምረህ 9 ለሚሆን ፖት ትጫወታለህ፣ 22 በመቶ ነው፣ ብዙ እጅ ይችለዋል። ሬይዙ 10 ከሆነ ግን 8 ጨምረህ 21 ለሚሆን ፖት ነው፣ 38 በመቶ፣ ደካማ እጅ ይሄን አይችልም፣ ጣል።

ሐረጎን የሚወርድ ሹፌር ማርሹን ከላይ ነው የሚቀንሰው፣ ኩርባው መሀል ገብቶ ፍሬን አይፈልግም። እስከ ደረጃ 3 ያለው ያ ማርሽ ነው፣ እዚ በትክክል የጣለ ሰው ከታች ያሉት ከባድ ውሳኔዎች ግማሾቹ አይደርሱበትም።

ደረጃ 4፦ ፍሎፕ ላይ

ፔር ያልሆኑ ሁለት ካርታዎች ይዘህ ፍሎፕ ላይ ፔር ወይ ከዛ የተሻለ የምታገኘው ከ3 ጊዜ 1 ገደማ ነው። ሁለቱን ጊዜ ምንም የለህም። ይሄ የተለመደ ነው፣ እድልህ ጠሞ አይደለም።

ሶስቱ ካርታ ሲገለጥ በዚ ቅደም ተከተል ጠይቅ፦

ሀ. ቢያንስ ፔር አለኝ? ከሌለኝስ አንድ ካርታ ብቻ የቀረው ስትሬት ወይ ፍላሽ አለኝ? ሁለቱም ከሌለና ሰው ከመታ፣ ጣል። ኪንግ-ጃክ ይዘህ ኩዊን-8-3 ከወጣ ምንም የለህም፣ ኪንግ "ሊመጣ ይችላል" ማለት እጅ አይደለም።

ለ. ፔሬ የትኛው ነው? የፍሎፑ ትልቁ ካርታ ከሆነና ኪከርህ ጥሩ ከሆነ ቀጥል። መሀለኛው ከሆነ አንድ ትንሽ ምት ክፈል፣ ተርን ላይ ድጋሚ ከመታ ጣል። የታችኛው ከሆነ እና ከሁለት ሰው በላይ ካለ አሁኑኑ ጣል።

ሐ. ስንት ሰው ነው ያለው? አንድ ሰው ብለፍ ሊያደርግ (ሳይኖረው እንዳለው ሆኖ ሊመታ) ይችላል። አንዱ መቶ ሌላው ከፍሎ፣ አንተ ሶስተኛ ከሆንክ ግን ሁለቱም ይዋሻሉ ብሎ ማሰብ ራስህን መሸንገል ነው፣ መሀለኛ ፔርህን ጣል።

ደረጃ 5፦ ዋጋውን አስላ

ይሄ ነው ሰው የሚዘለው፣ ግን ከኮንከር ነጥብ ቆጠራ አይብስም።

መጀመሪያ የሚያድኑህን ካርታዎች ቁጠር። 4 አንድ ምልክት ካለህ 9 ካርታ ያድንሃል (13 ሲቀነስ 4)። በሁለቱም ጫፍ የተከፈተ ስትሬት፣ ለምሳሌ 6-7-8-9፣ 8 ካርታ። መሀሉ የጎደለ ስትሬት፣ ለምሳሌ 6-7-9-10፣ 4 ካርታ ብቻ። ከፍሎፑ የሚበልጡ ሁለት ካርታዎች፣ 6።

ከዛ የሚቀጥለውን አንድ ካርታ ብቻ ከሆነ የምታየው በ2 አባዛ። ኦልኢን (ያለውን ሁሉ ማስገባት) ሆኖ ሌላ ክፍያ ሳይኖር ተርንና ሪቨርን ሁለቱንም የምታይ ከሆነ በ4 አባዛ። 9 ካርታ ለአንድ 18 በመቶ፣ ለሁለት 36 በመቶ ማለት ነው፣ ትክክለኛው 19ና 35 ስለሆነ በጣም ይቀራረባል።

ቀጥሎ ዋጋው። የምትከፍለውን፣ ከከፈልክ በኋላ ለሚሆነው ጠቅላላ ፖት አካፍል። ፖቱ 30 ነበር፣ ሰውየው 15 መታ፣ አንተ 15 ብትከፍል 60 ይሆናል፣ 15 ለ60፣ 25 በመቶ። በየጊዜው እንዳታሰላ እነዚህን ያዝ፦ የፖቱን ሲሶ ከመታ 20 በመቶ፣ ግማሹን ከመታ 25፣ ሙሉውን ከመታ 33፣ እጥፉን ከመታ 40።

አሁን አወዳድር። ፍላሽ ጠብቀህ አንድ ካርታ 19 በመቶ ነው፣ ዋጋው 25 ነው፣ ስለዚ በባዶው ሂሳብ ይጣላል። ልትከፍል የምትችለው ፍላሹ ከመጣ በኋላ ሰውየው ገና ብዙ ባቄላ ከፊቱ ካለና የሚከፍልህ አይነት ከሆነ ብቻ ነው። እሱ ፊት 10 ሽምብራ ብቻ ከቀረ ምንም አትበላም፣ ጣል። ኦልኢን ካደረገብህና 15ቱን ከፍለህ ሁለቱንም ካርታ የምታይ ከሆነ ግን 35 ከ25 ይበልጣል፣ ክፈል።

መሀሉ የጎደለ ስትሬት፣ 4 ካርታ፣ ከ12 ጊዜ አንዴ ገደማ ብቻ የሚሞላ ነው። ወላሂ ይሄን አንድ ነገር ብቻ ብትጥል ሌላው ሁሉ ባይገባህ እንኳን ባቄላህ ይቆያል። የምትከፍለው 2 ሆኖ ፖቱ 30 ከደረሰ ብቻ እይ።

ተጠንቀቅ፦ ሁሉም የሚያድን ካርታ አያድንም። የ6ና የ5 ልብ ይዘህ ፍላሽ ብትሰራ፣ ኪንግ ልብ ከሌላ ልብ ጋር የያዘ ሰው ካለ አብሮህ ሰርቶ ይበልጥሃል። ቦርዱ (መሀል የተገለጡት ካርታዎች) ላይ ፔር ካለ ደግሞ ፉል ሀውስ ሊኖር ይችላል። እንደዚ ሲሆን ከቆጠርከው ላይ 2 ወይ 3 ቀንስና ድጋሚ አወዳድር።

ደረጃ 6፦ ተርን ላይ

አንድ ካርታ ብቻ ነው የቀረው፣ ስለዚ በ4 ማባዛት ቀርቷል፣ በ2 ብቻ። ፍሎፕ ላይ ያሰላትን 36 ይዞ ተርን ላይም የሚቀጥል ሰው ብዙ ነው። ፖቱ 60፣ ምቱ 60፣ ዋጋው 33፣ ያንተ 19 ወይ 20፣ አለቀ፣ ጣል።

አንድ ፔር ይዘህ ፍሎፕ ላይ ከፍለህ ሰውየው ተርን ላይ ምቱን ካሳደገው፣ ያ ሰው ደግሞ ማታውን ሙሉ ዝም ብሎ የቆየ ከሆነ፣ ጣል። ዝምተኛ ሰው ድምጽ ሲያሰማ እመነው።

ደረጃ 7፦ ሪቨር ላይ

እዚ የሚመጣ ካርታ የለም፣ ስለዚ የሚቆጠር የለም። ጥያቄው አንድ ነው፣ ይሄ ሰው ብለፍ ያደርጋል? የፖቱን ግማሽ ከመታ ከ4 ጊዜ 1 ቢዋሽ ይበቃሃል፣ ሙሉውን ከመታ ከ3 ጊዜ 1። ሰውየውን ታውቀዋለህ፣ አብራችሁ ነው የምትውሉት፣ በሀቀኝነት መልስ። የኛ ሰው ሪቨር ላይ ትልቅ ሲመታ አብዛኛውን ጊዜ አለው፣ ብለፉን የሚያደርገው ፍሎፕ ላይ በትንሹ ነው።

"እስቲ እንየው" ብለህ አትክፈል። ማየት ነጻ አይደለም፣ 6 ባቄላ ነው። ከጨዋታው በኋላ ጠይቀው፣ ይነግርሃል፣ እንዲያውም አታስቆመውም።

እንዴት ነው የሚጣለው

ተራህን ጠብቅ። አስቀድመህ ከጣልክ ከኋላህ ያሉት ያንተን ውሳኔ አይተው ይጫወታሉ፣ ጓደኛህን ትጎዳለህ። ካርታውን ፊቱን ወደታች አድርገህ ወደ መሀል ግፋው፣ አታሳይ፣ "ምን ጣልኩ መሰላችሁ" አትበል፣ ፍሎፑ ሲወጣም ፊትህን አታኮማትር። እጁ እስኪያልቅ ዝም በል፣ ቡናህን ጠጣ።

ሲበላሽ ምን ይደረጋል

ሳታስበው በደካማ እጅ ከገባህ፦ የገባኸውን እርሳው፣ ፍሎፕ ላይ ሁለት ፔር ወይ ከዛ በላይ ወይ አንድ ካርታ ብቻ የቀረው ጥሩ ስትሬት ወይ ፍላሽ ካልመጣ በመጀመሪያው ምት ውጣ። አንዴ የከፈልከውን ለማስመለስ ሁለተኛ አትክፈል።

አብዛኛውን አስገብተህ ትንሽ ከቀረህ፦ ፖቱ 180 ሆኖ አንተ ጋ 20 ብቻ ከቀረ፣ 20 ለ200፣ 10 በመቶ ነው፣ ፍላሽ እየጠበቅክም ቢሆን ክፈል። ፎልድ ማድረጊያው ከሁለት ደረጃ በፊት አልፏል፣ አሁን መጣሉ ሁለተኛ ስህተት ነው።

ጥለህ ሰውየው ብለፉን ካሳየህ፦ ሊያናድድህ ነው ያሳየህ፣ የሚቀጥለውን በማይረባ እጅ እንድትከፍለው። ልኬትህን አትቀይር፣ ብለፍ ማድረጉን ግን ያዝበት፣ ደረጃ 7 ላይ ይጠቅምሃል።

የጣልከው 7-2 ፍሎፕ ላይ 7-7-2 ሆኖ ከወጣ፦ ይወጣል፣ አንዳንዴ። ሳቅበትና ሂድ።

20 እጅ ተከታታይ ከጣልክ፦ ይሄ የሚደርስ ነገር ነው፣ ሁለት ኤስ ራሱ በአማካይ ከ221 እጅ አንዴ ነው የሚመጣው። ስልችት ሲልህ ካርታ አትያዝ፣ ተነስና ዞር ዞር በል፣ ወይ ለአንድ ዙር ሳትጫወት ካርታ ብቻ አድል።

ፖቱ ስንት እንደሆነ ከጠፋብህ፦ አቁሙ በልና ቁጠር፣ ተራህ ላይ እስከሆነ ድረስ ማንም አይከለክልህም። በችኮላ ከመክፈል ማስቆጠር ይሻላል።

የመጨረሻው መኪና ሰአት ሲደርስ፦ ይሄ የኮምቦልቻ ልጆች ደሴ ሲመጡ የሚሆነው ነው፣ "3 እጅ እንጫወትና እንሂድ" ይባላል፣ ከዛ ሁሉም ሰው በሁሉም ካርታ ይገባል፣ ማታውን ሙሉ የያዙት በ10 ደቂቃ ያልቃል። ሰው ሲበዛ ብለፍ አይሰራም፣ መሀለኛ ፔርም አይሰራም፣ ስለዚ በነዛ 3 እጆች ላይ ዝርዝሩን የመጀመሪያው ወንበር ላይ እንዳለህ አድርገህ ያዝ፣ ዲለር ብትሆንም። ካልሆነልህ ባቄላህን ቀድመህ ቆጥረህ አስረክብና መናኸሪያ ሂድ፣ ወንበር ታገኛለህ።